የመሐሉ ግድግዳ

አስካለ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምትሰማው የቄብ ዶሮዎቹን መንጫጫት ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ አሳማዎቹ ባዶ ገንዳቸውን በአፍንጫቸው እየገፉ ከግድግዳ የሚያላትሙበትን ድምፅ። ከባሏ ከደምሰው ጋር ሆነው ቢሾፍቱ ዳር፣ ከጎረቤት ራቅ ባለው ግቢያቸው ጥግ፣ ቤቱን የሠሩላቸው በገዛ እጃቸው ነው። ባሕር ዛፍ አቁመው፣ ማገር መትተው፣ ጭቃ በጭድ ረግጠው፣ አሮጌ ቆርቆሮ አለበሱት። በሩ አንድ ነው። ከበሩ እንደገቡ በግራ ዶሮዎቹ፣ በቀኝ አሳማዎቹ፣ መሐላቸው ላይ የጭቃ ግድግዳ።

የመሐሉን ግድግዳ የመረገው ደምሰው ብቻውን ነበር። አስካለ ፉርሽካ ልትገዛ ሄዳ ወፍጮ ቤት ስትጉላላ ውላ ስትመለስ፣ ግድግዳው አልቆ ደምሰው እጁን ሲታጠብ ደረሰች።

«ብቻህን ጨረስከው?»

«ጨረስኩት» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ደክሞት ነው ብላ ተወችው። እንስሳቱ በማግስቱ ገቡ።

ዶሮዎቹ በተሠራላቸው ቆጥ ላይ አልወጣ አሉ። ከመሐሉ ግድግዳ ርቀው ውጭውን ግድግዳ ታከው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ያድራሉ። አሳማዎቹም በበኩላቸው እንደዚያው። አዲስ ቤት ነው፣ ይለምዱታል አለች። ግን በጋው ቆርቆሮውን እያንጣጣ፣ የውጩ ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፣ የመሐሉ ግድግዳ ብቻ አልደርቅ አለ። ጠረኑም የአሳማ አልነበረም፤ የበሰበሰ ጭድም አልነበረም፤ ለብሰውት አድረው ያላወለቁት፣ ላብ የጠጣ ልብስ ይሸት ነበር። መጀመሪያ ላይ እንደልብ ታስገባው የነበረው የእጅ ጋሪም ሰንብቶ ጎኑ ግድግዳውን ይፍቅ ጀመር።

«ግድግዳው አልደርቅ አለኮ» አለችው ምሳ እየበሉ። «እየወፈረም መሰለኝ።»

«ጭቃ መጀመሪያ ያብጣል።»

«እስቲ ግባና እይልኝ።»

«አንቺ ስትገቢ አየዋለሁ» አለ። የያዘው ጉርሻ እንዳለ እጁ ላይ ቀርቷል። እንስሳቱ ከመጡ ወዲህ ደምሰው ወደዚያ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ፣ በደጃፉ ባለፈ ቁጥርም አሳማዎቹ እንደሚታረዱ ሁሉ እንደሚጮሁ ያን ጊዜ ልብ አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ድንገት ጸጥ አለ። ዶሮ አይንጫጫ፣ ገንዳ አይንኳኳ። ሞቱብኝ ብላ እየሮጠች ገባች። አልሞቱም፤ ሁሉም ቆመዋል፤ በግራም በቀኝም ያሉት ፊታቸውን ወደ መሐሉ ግድግዳ አዙረው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ያዳምጣሉ። ጨለማው ከወትሮው ይከብድ ነበር፤ ቀና ብትል ከጣራው ሥር ለአየር የተዉት ቀዳዳ ከውጭ ተመርጓል።

ከኋላዋ በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ሲገባ ሰማችው።

«ደምሰው! ኧረ እኔ አለሁ!»

«አውቃለሁ።»

ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ ለመለየት አልተቸገረችም፤ ቤቱን ሲሠሩ ስንት ቀን ሰምታዋለች። እርጥብ ጭቃ ጧ ብሎ ይለጠፋል፣ መዳፍ ያለሰልሰዋል፣ ደግሞ ጧ ይላል። በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ይጠፋ ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው? አንተ ሰውዬ፣ ክፈትልኝ!»

«ብርድ እንዳይገባብሽ ነው» አለ በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል።

በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ የበሩን ቆርቆሮ በጡጫ ደበደበች፤ ጣቶቿ እስኪደሙ ማገሩን ታገለች። የመጨረሻዋ የብርሃን ክር ስትጠፋ ወደኋላ አፈገፈገች፤ ጀርባዋ የመሐሉን ግድግዳ ነካ። ለብ ያለ ነበር። ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይሟሽሻል።

«ደምሰው!» ብላ ጮኸች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ።

«አቤት» አላት ከውጭ፣ ምርጊቱን ሳያቋርጥ።

ያን ጊዜ ከጀርባዋ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ጭቃ ያፈነው ያው የባሏ ድምፅ «አስካለ» አለ፤ «እሱን አትጥሪው፤ እኔ እዚህ ነኝ።»