የደራሲው ሰባተኛ መጽሐፍ

አራሚዋ የደራሲውን ስድስት የወንጀል ልብወለዶች ከማንም ቀድማ ያነበበች ሰው ነበረች። ነፍሰ ገዳዩ ማን እንደሆነ እያወቀች እንኳ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስታርም ልቧ ድው ድው ይል ነበር። ደራሲውን መቼ እንደወደደችው ግን በውል አታውቅም፤ ከአራተኛው መጽሐፍ በኋላ ሳይሆን አይቀርም።

የሰባተኛውን መጽሐፍ ረቂቅ ሲያመጣ ቀና ብሎ አላያትም።

«ይሄኛው የፍቅር ታሪክ ነው» አለ፣ ጠረጴዛዋ ላይ እያስቀመጠ። «ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል። ከዚያ በፊት አንቺ የምትዪውን መስማት እፈልጋለሁ።»

ቤቷ ወስዳ በጉጉት ጀመረችው። አርባኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ፊቷ ጠቆረ። ታሪኩ ነፍስ የለውም። ባለታሪኳ እንደ ጨረቃ ታበራለች፣ እንደ እርግብ ትራመዳለች፣ ለተባለችው ሁሉ «እሺ» ትላለች። ስልሳኛው ገጽ ላይ ደግሞ ሴትዮዋን ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ አገኘቻት። ሳታስበው እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ። እስክሪብቶው እዚያው ነበር።

መጥፎ ነው ብትለው እሱን እንዳልፈለገችው ይቆጥረዋል። ጥሩ ነው ብትለው አንባቢ ይስቅበታል፤ እሷም ዕድሜ ልኳን «እሺ» ባይዋን ሴት ሆና ልትኖር ነው።

ለታላቅ እህቷ ነገረቻት።

«ወዶሽ ነው የጻፈው፤ አፍሽን ይዘሽ አመስግኚው» አለቻት እህቷ። «መጽሐፉን የነቀፈበትን ጓደኛውን በአንድ ቃል ተቀይሞ እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ሐሙስ ጠዋት ደራሲው መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው?»

«የፊደል ግድፈቱ ትንሽ ነው።»

«ስለ ፊደል አልጠየቅኩሽም።»

ቀዩን እስክሪብቶ ከጆሮዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አላመንኩትም» አለች በመጨረሻ። «ስድስቱን መጽሐፎችዎን ሳነብ ትንፋሼ ይቆረጥ ነበር። እዚህ ውስጥ ግን የሚፈራ ሰው የለም። ይተያያሉ፣ ይዋደዳሉ፣ አለቀ። ሰው እንዲህ አይወድም። እኔ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንተ በዚያ በር በገባህ ቁጥር የማርመው መስመር ይጠፋኛል።»

«አንተ» ማለቷን ያወቀችው ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው።

ደራሲው ረቂቁን ሰብስቦ ወጣ።

ዓርብ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት አልገባም። በቀጣዩ ሳምንት እሱም ብቅ አላለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ አንድ መስመር አምስቴ ታነባለች። በገዛ አፌ አጣሁት ብላ ቆረጠች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ባዶ እጁን መጣ። ፂሙ አድጓል።

«ነፍሰ ገዳይ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ» አለ እንደቆመ። «አንቺ ምን እንደምታስቢ ግን ጠይቄሽ አላውቅም። መጠየቁ ስላስፈራኝ መልሱን ራሴ ጻፍኩት። ሦስት መቶ ገጽ።»

«አሁን ጠይቀኛ።»

ብዙ ነገር አስቦ እንደመጣ ከፊቱ ያስታውቃል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ሁሉንም ተወው።

«ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም» አለች።

ደረጃውን ሲወርዱ እጇን ያዛት። የሚንቀጠቀጠው የማን እጅ እንደሆነ ልትለይ ሞከረች፤ አልቻለችም።