ያልተቆረሰው ጎን

የልየው ሥራ ማየት ነበር። አምስት ትምህርት ቤቶችን የሚከታተል ሱፐርቫይዘር ነው። ጠዋት ጠዋት ከአንዱ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና የተማሪዎቹን ስም በወረቀት ደርድሮ፣ መምህሩ አንድ ልጅ በጠየቀ ወይም ዓይኑን በጣለበት ቁጥር ከስሙ ፊት አንድ ጭረት ይጭራል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሁልጊዜ ያው ነው። ከፊት የተቀመጡት ሦስት አራት ልጆች በጭረት ይጥለቀለቃሉ፤ ከኋላ ጥግ የተቀመጠችው የአንዷ ልጅ መስመር ባዶውን ይቀራል። ወረቀቱን ሲያሳያቸው መምህራኑ ይቆጣሉ። «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማየው» ይላሉ፤ ይምላሉም። ቢዋሹ ኖሮ ለልየው ይቀለው ነበር። የሚያበግነው አለመዋሸታቸው ነው፤ ውስጣቸው የተቀመጠው እምነት እጃቸውንና ዓይናቸውን ሲያዝ እነሱ አልሰሙትም።

በመስከረም ወደ ደንበጫ ሲዛወር፣ ቤት ፍለጋ ከመንገላታት ብሎ ከሚስቱ እናት ዘንድ ገባ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ሟቹ አማቱ በወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያሠሩት፣ መስኮቶቹ ትንንሽ የሆኑ፣ በቀትር እንኳ ከውጭ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ደጃፉ ላይ ቆም የሚልበት ቤት። ለምሳ በስድስት ሰዓት ተኩል አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። አማቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ሚስቱ ባንቺአምላክ፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ሙሉሰው፣ ልየው ራሱ፣ ከእሱ ጎን ደግሞ የስድስት ዓመት ልጁ ሜላት። ምግቡ በትልቅ ክብ ትሪ፣ ትሪው በአጭር ጠረጴዛ ላይ፣ ጠረጴዛው ከጓዳው በር አጠገብ። ከጓዳው የእህል ሽታ ይመጣል፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ውሃው ከደረቀ የቆየ ጉድጓድ አፍ ላይ ያጎነበሱ ያህል ቀዝቃዛ የሆነ ሌላ ሽታ አለ። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድሩ ይለመዳል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። በጓዳው በር በኩል ያለው የትሪው ጎን አይቆረስም። ወጡ ሲጨለፍ እዚያ አይደርስም። እጆቹ ከየአቅጣጫው ይመጡና አንድ የማይታይ መስመር ላይ ሲደርሱ ይመለሳሉ። በዚያ በኩል አንድ በርጩማ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም ደግሞ አያነሳውም። ማዕዱ ሲነሳ መዳፍ ተኩል የሚያህል እንጀራ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም በልተው ዝም ካሉ በኋላም፣ ለሁለት ለሦስት ትንፋሽ ያህል፣ ቀስ ብሎ የሚያኝክ ሰው ድምፅ የመሰለ ነገር ይቆያል። ልየው ይህን የራሱ መንጋጋ ነው ብሎ አለፈው።

«እማማ፣ በዚህ በኩል ለምን አይበላም?» ብሎ ጠየቀ አንድ ቀን።

«በየት በኩል?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

በጣቱ አሳያቸው። ጣቱን አዩት፤ የጠቆመውን ቦታ ግን አላዩም።

«ጠግበን ይሆናላ፣ ልጄ» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።

ልየው እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ የሚተኛ ሰው አይደለም። ወረቀት አወጣና የሦስቱን ስም ጻፈ። የራሱን አልጻፈም፤ ተቆጣጣሪ ራሱን መመዝገብ ልማዱ አይደለም። ዘጠኝ ቀን በጉልበቱ ላይ ወረቀት አጥፎ እየበላ ጭረት ጠበቀ። በዘጠኝ ቀን አንድም እጅ ወደዚያ ጎን አልሄደም። ትሪውን ራሱ አዞረው፤ በወጥ የተሞላው ጎን ወደ ጓዳው ሲዞር፣ ማንም ሳይነካው እዚያው ደረቀ። በአሥረኛው ቀን ወረቀቱን መሐላቸው ዘረጋው።

«አሁን ደግሞ የእናቴን ማዕድ ልትቆጣጠር ነው?» አለች ባንቺአምላክ።

«አንድ የምታምኑት ነገር አለ ማለት ነው። ምንድነው? ብቻ ንገሩኝና ልረፍ።»

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የምታውቀው የላትም፤ ራስህ ታውቃለህ።»

«ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ አልበቃህም?» አለ ሙሉሰው እየሳቀ።

ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። የሚደብቁት ነገር የለም። ከአያት ከቅድመ አያት አንድ ሰው የሆነ ነገር ፈርቶ እጁን ሰብስቦ ይሆናል፤ ፍርሃቱ ተረስቶ የተሰበሰበው እጅ ብቻ ለልጅ ልጅ ደርሷል። ይህን ሊያስረዳቸው ግማሽ ሰዓት ለፈለፈ፤ ሙሉሰው በመሐል ተነሥቶ ወደ ወፍጮው ሄደ። ልየው በግኖ ምሳውን ሳይጨርስ ቀረ።

በርጩማው ላይ ሰው ከተቀመጠ ነገሩ በአንድ ቀን ያበቃል ብሎ ቆረጠ። ሰኞ ራሱ ሊቀመጥ አስቦ ነበር፤ ግን በዚያ በኩል ብርሃን የለም፣ የሚበላውን ማየት ይፈልጋል። ማክሰኞ ጉልበቱን አመመውና ከፍ ያለ ወንበር ፈለገ። ረቡዕ ከሥራ ዘግይቶ መጣና ቀረብ ባለው ቦታ ተቀመጠ። ሐሙስ ሜላትን ብብቷን ይዞ አነሣና እዚያ አስቀመጣት። ትንሽ ስለሆነች ትበቃታለች፣ አለ ለራሱ። ከዚህ የተለየ ምክንያት እንደነበረው አንድም ጊዜ አላሰበም።

«አባዬ፣ ይሞቃል» አለች ሜላት።

እጁን ሰደደ። በርጩማው ሰው ገና አሁን የተነሣበት ያህል ይሞቃል። «ፀሐይ ነው» አላት፤ መስኮቱ ግን በሌላው ግድግዳ ነው። ልጅቷ ከንጹሑ ጎን ቆረሰች፣ በላች። ልየው ሁሉንም በአሸናፊነት ቃኛቸው። ሲጨርሱ ያ የማኘክ ድምፅም አልተሰማም።

በማግስቱ ባንቺአምላክ ጉርሻ አዞረች። እናቷን አጎረሰች፣ ወንድሟን አጎረሰች፣ ልየውን አጎረሰችና እጇን መለሰች። ሜላት አፏን ከፍታ ትጠብቅ ነበር።

«ልጅቷስ?» አለ ልየው።

«አጎረስኳት እኮ» አለች፤ የረጠቡ ጣቶቿን አሳየችው።

በሦስተኛው ቀን ሙሉሰው ማስታጠቢያ ይዞ ሲዞር ከሜላት ፊት ሳይቆም አለፈ፤ የተዘረጉት ትንንሽ እጆቿ ደርቀው ቀሩ። በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጅቷ በረንዳ ላይ ቆማ ሳለ የቤቱን በር ዘግተው ቀረቀሩ። ልየው እየሮጠ ከፍቶ አስገባት፤ ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ማንን?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ እንደ ማፈር ብለው «ውይ፣ አላየኋትም» አሉ። ሜላት አላለቀሰችም። ፊቷ ከሳ ያለ መሰለው፤ ወሬዋም እየቀነሰ መጣ።

ይህን ጊዜ ልየው ደነገጠ። ከበርጩማው አንሥቶ እንደ በፊቱ ከጎኑ አስቀመጣት። ያን ዕለት የእነሱ እጆች ያለ ምንም ችግር ወደ ጓዳው ጎን ሄዱ፤ ወጡንም እዚያ ድረስ ጠረጉት። ያልተቆረሰው ሜላት ፊት ያለው ሆነ። ቦታ ቢያቀያይራት ባዶው ጎን አብሯት ዞረ። ልየው ትሪውን በመዳፉ መታውና ጮኸ። «ይህቺ ልጅ አትታያችሁም ወይ? ዓይን የላችሁም?» ሦስቱም በሐዘን አዩት፤ እሱን። ባንቺአምላክ እጁን ያዘችውና «ሥራ በዝቶብሃል፣ ትንሽ ዕረፍ» አለችው። ያ የሚያውቀው ንዴት፣ ከማይዋሽ ሰው ጋር መከራከር የሚያመጣው ንዴት፣ መልሶ ያዘው።

በሌላ ቀን ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገባ፣ ዓይኑ ጨለማውን ሳይለምድ፣ ሜላት ከትሪው አጠገብ ተቀምጣ አያት። ከኋላዋ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ የልጅ ፀጉር እንደሚሠራ ሰው ክርኖቹ ቀስ እያሉ ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ። የጉድጓዱ ሽታ ደጃፉ ድረስ ደረሰው። ዓይኑ ሲጠራ ልጅቷ ብቻዋን ነበረች። ፀጉሯ በቀጭን በቀጭኑ፣ በዚያ ቤት ማንም በማያውቀው አሠራር ተሠርቷል።

«ማን ሠራሽ፣ ሜላትዬ?»

«እሷ ናት» አለች፤ ወደ ጓዳው በግንባሯ አመለከተች። «እሷ ታየኛለች።»

ልየው ዕቃ ሰብስበን ከዚህ ቤት እንውጣ አለ። ባንቺአምላክ በምን ምክንያት ብላ ጠየቀችው። ሲነግራት አለቀሰች፤ ለእሱ ነው ያለቀሰችው። እሺ፣ እናንተ ባታዩአት እኔ አያታለሁ ብሎ ማለ። አዲስ ወረቀት አወጣና ከላይ የልጁን ስም በትልቁ ጻፈ፤ በሥሩ ቀኖቹን ደረደረ። አንድ ጊዜ ባያት፣ ባጎረሳት ወይም በስም በጠራት ቁጥር አንድ ጭረት። መጀመሪያ ቀን አርባ አንድ ጭረት ጻፈ። በሁለተኛው ሠላሳ ስምንት። ዓይኑን ከእሷ ለመንቀል እየፈራ ሥራ ቀረ፤ ምሳውን ሳያይ በላ። በሳምንቱ ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ሊሆን አይችልም፣ ቀኑን ሙሉ አብሬያት ነበርኩ ብሎ ተናደደ፤ ቆጠራ ተሳስቻለሁ አለና ትቶ ተኛ። በማግስቱ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ብዙ ነገር ተጠራቅሞበት ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ጭቅጭቁ ቀረ። ልየው ራሱ መቼ እንደቀረ አያውቅም፤ ብቻ ምሳ በሰላም ይበላል። ባንቺአምላክ ትስቃለች፣ ሙሉሰው የወፍጮ ቤቱን ወሬ ያመጣል፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይመርቃሉ። ከተመገቡ በኋላ ለጥቂት ትንፋሽ ያህል ሁለት አፍ የሚያኝክ ይመስላል፤ አንዱ ቀስ ያለ፣ አንዱ ቶሎ ቶሎ የሚል። ቤቱ የቆየ ነው፣ የቆየ ቤት ድምፅ አያጣም። ልየው ክብደት ጨመረ።

አንድ ቀን ምሳ ከተነሣ በኋላ የወሩን ሪፖርት ሊጽፍ ቦርሳውን ሲበረብር አንድ ወረቀት አገኘ። የራሱ ጽሑፍ ነው። ከላይ «ሜላት ልየው» ይላል። ጭረቶቹ ከአርባ አንድ ጀምረው በየቀኑ እየሳሱ ይወርዳሉ፤ ወደ ታች ዘጠኝ፣ አራት፣ አንድ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ያ አሮጌ ንዴቱ ተነሣበት። የየትኛው መምህር ክፍል ይሆን? አንዲት ልጅ ዓይናቸው እያየ እንዲህ ስትጠፋ እንዴት አንድ ሰው ልብ አይልም? እጅጌው ሳብ፣ ሳብ ተደረገ፤ ነፋስ መስሎት ክንዱን ሰበሰበና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር ብሎ ተቀመጠ። የትምህርት ቤቱን ስም አለመጻፉ አስገረመው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም ነበር።

ልጅቷን ቤተሰብም አያያት ይሆናል ብሎ አዘነ፤ አባትየው የእሱ ሞክሼ መሆኑም ትንሽ አሳፈረውና፣ ነገ ጠዋት በየትምህርት ቤቱ አጠያይቆ ያን ሰውዬ ራሱ አግኝቶ ሊወቅሰው ቆረጠ።