አንድ ስንዝር ከፍታ

ዴልበርት ስኪድሞርን የሰደበው ክላይድ ራትሊፍ ነው፤ የዴልበርት የገዛ ሚስቱ ወንድም። ቀኑ የጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ነበር፣ ረፋድ ላይ፤ ቦታው ሎረል ክሪክ የምትባል የሸለቆ ከተማ፣ ከከብት መኖ መሸጫው በር ላይ። ዴልበርት ይህን አልረሳም። የሳቁትን እንኳ በስም ይጠራቸዋል። ሰባት ነበሩ፤ ሁለቱ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ አብረውት የሚሠሩ፣ ምሳ አብረውት የሚበሉ ናቸው።

ክላይድ ከረጅሙ ፒክአፕ መስኮት ላይ ክንዱን ደገፍ አድርጎ ቁልቁል እያየው፣ «ዴልበርት! መኪናህ እኮ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መስላለች። እስቲ ተነሺ በላት!» አለ። ሰዎቹ ሲስቁለት ጊዜ ደግሞ ጨመረበት፤ «አይ፣ ምን ታድርግ! በጌታዋ ልክ ተሰፍታ ነው።»

ዴልበርት አጭር ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ በቁመቱ ያልቀለደ ሰው በዚያ ሸለቆ ውስጥ የለም። ሌላ ጊዜ ዋጥ ያደርገው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን የፒክአፑን በር በርግዶ ክላይድን በኮሌታው ጎትቶ አወረደው። አንድ ቡጢ አሳረፈበት። ሁለተኛውን ሳይደግም ክላይድ ማጅራቱን ይዞ ፊቱን ከዚያችው ከዝቅተኛዋ መኪናው ኮፈን ጋር አጋጨው። ዴልበርት የፊት ጥርሱን ከደም ጋር ጠጠሩ ላይ ተፋው። ማንም አልገላገለም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ቬልማ እርጥብ ፎጣ ይዛ ጠበቀችው።

«ከፍ አደርጋታለሁ» አላት።

«ምኗን?»

«መኪናዋን።»

«መጀመሪያ ጥርስህን ብትታከም አይሻልም?»

አልሰማትም። እነ ዴልበርት የሚሰነጥቁት ለባቡር ሐዲድ የሚነጠፈውን ኦክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው። ዴልበርት ገና ከተቆረጠው ግንድ ግማሽ ግማሽ ስንዝር የሚሆኑ ስምንት ጉማጆች አወጣ። ከፊትም ከኋላም፣ መኪናዋን በተሸከመው ባሌስትራና ጎማዎቹን በሚያያይዘው አክስል መካከል ሁለት ሁለቱን ደራረበና በረጃጅም ቡሎን አሰረ። ያቺ የሃያ ዓመት አሮጊት መኪና አንድ ስንዝር ረዘመች።

ጎረቤቱ ሆባርት ማጊ ዕድሜውን ሙሉ በመካኒክነት የኖረ ሽማግሌ ነው። መጥቶ ጎንበስ አለና ከሥር አየ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ኦክ ነው፣ አጎቴ። ባቡር የተሸከመ እንጨት ይችን ይከብደዋል?»

«ባቡሩን የሚሸከመው መሬት ላይ ተኝቶ ነው። ይሄ ግን ፍሬን በያዝክ ቁጥር ይጠመዘዛል። ደግሞ ከፊት! ከፊት በኩል ጉማጅ አይገባም፤ ደርበህማ ጨርሶ። ከፍ ትበል ካልክ ለሷ የተሠራ ባሌስትራ አስመጣና በወጉ እንሥራው። እኔ አግዝሃለሁ።»

«እስኪመጣ ወር ሙሉ መሳቂያ ልሁን?»

«ሳቅ ይገድላል እንዴ? ደግሞ እንጨቱ እርጥብ ነው። አንተ የእንጨት ሰው ነህ፤ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርህ?»

መንገር አያስፈልገውም ነበር። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ጠብቆ የታሰረው ሁሉ ይላላል። ዴልበርት ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ውርደት ያበገነው ሰው እውቀቱም አይታዘዘውም።

«ክላይድ ነው የላከህ?» አለው።

ሽማግሌው ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ወደ ቤቱ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ዴልበርት ሰውን ቁልቁል እያየ ነዳ። ቬልማ የምትሳፈረው ሣጥን ላይ ቆማ ነበር። ቡሎኖቹን አንድ ቀን እንኳ አላጠበቀም።

በአራተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ክላይድ ከኋላ መጣና ጥሩምባውን ለቀቀው።

«ይለፍ ተወው» አለች ቬልማ። «ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ዝም ካሉት ይሰለቸዋል።»

«ዛሬስ አያልፋትም!»

ቁልቁለቱን ተያያዙት። ድልድዩ ጋ ካለው መታጠፊያ ሲደርሱ ዴልበርት ፍሬኑን ረገጠ። ከሥር አንድ ነገር እንደ ጠመንጃ ጮኸ። የፊት ግራው ጉማጅ ተፈናጥሮ ወጣ፣ አክስሉ ዞረ፣ መሪው ከእጁ ተነጠቀ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተገልብጣ ወንዙ ዳር ድንጋዩ ላይ አረፈች። ዴልበርት በመስኮት ተወርውሮ ወጣ። የቬልማ ግራ እግር ከጉልበቷ በታች ከብረቱ ሥር ቀረ።

ክላይድ እየሮጠ ሲወርድ መንገዱ ላይ የወደቀውን ጉማጅ አየና አነሣው።

«እንጨት? እህቴን እንጨት ላይ ነው ያስቀመጥካት?»

በዚያው ጉማጅ የዴልበርትን መንጋጋ መታው። ዴልበርት ድንጋይ አንሥቶ ቅንድቡን ተረተረው። «ማን አሯሯጠኝ? አንተ አይደለህም?» እያለ ጉሮሮውን ያዘ። ተያይዘው ውሃው ውስጥ ወደቁ፤ አንዱ የሌላውን ራስ እየደፈቀ፣ እየተናከሱ።

«እናንተ ሰዎች! እግሬ! መኪናዋ እግሬ ላይ ናት!» ቬልማ ትጮሃለች። ደሟ በድንጋዩ ላይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የሰማት የለም። የገላገላቸው ጩኸቷ ሳይሆን ዝምታዋ ነው። ድምፅዋ ድንገት ሲቋረጥ ሁለቱም እጃቸውን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ አብረው ብረቱን አነሡ፤ ክላይድ እያለቀሰ በቀበቶው እግሯን አሰረ። ነፍሷ ተረፈች። እግሯን ግን ሐኪሞቹ ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። አንደኛው ሐኪም፣ «አደጋው እንደደረሰባት ወዲያው ታስሮ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና የሁለቱን ፊት አይቶ አልጨረሰውም።

ወገኖቼ፣ መኪናውን ማስረዘም የሚፈልግ ያስረዝም፤ ግን ለመኪናው በተሠራ ዕቃና በሚያውቅ እጅ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ለምን እንደፈለገው ራሱን ይጠይቅ። መኪና ከፍ ስላለ ስድብ ዝቅ አይልም። ሰባት ሰው የሳቀበትን ለማስተባበል ሲል ዴልበርት ያልሳቀችበትን አንዲቱን ሰው አስከፈላት። ይህን የሚለው ራሱ ዴልበርት ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

በሚያዝያ ለቤቱ ደረጃ መደገፊያ የሚሆን የብረት ቱቦ ሊገዛ ከተማ ወረደ። ቬልማ ማንም ሳይዛት ደረጃውን በራሷ መውረድ ፈልጋለች። ቱቦውን ይዞ ከሱቁ ሲወጣ በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ፣ ኤርሊ ኮምብስ የሚባለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ዴልበርት! ዛሬስ የምታስረዝመው ምንድን ነው? የሚስትህን እግር?» አለው።

አንድ ሁለቱ ሳቁ። የዴልበርት ጣቶች ቱቦው ላይ ተጨመቁ። ብረቱ ወፍራም ነው፤ የኤርሊም ራስ ከአንድ እርምጃ አይርቅም። ቬልማ ግን እቤት ከደረጃው አናት ተቀምጣ እየጠበቀችው ነው።

ቱቦውን ትከሻው ላይ አደረገና በመካከላቸው አልፎ ሄደ።