ዳኛው ያልጨረሱት ቃል

ጡረተኛው ዳኛ በአፋቸው ዙሪያ ወተት ደርቆ፣ ሞተው ተገኙ። ከራስጌያቸው «በአፍ ምንም እንዳይሰጥ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ ከቤታቸው ደረጃ ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታ ወዲህ መዋጥም መናገርም ተስኗቸው ነበር። የሆስፒታሉ የሕሙማን ክፍል ገዳይ ፍለጋ አልደከመም። ጣቱን ሁሉ በአንዲት ልጅ ላይ ቀሰረ።

ልጅቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሥራ ልምድ የምትቃርም ሠልጣኝ ናት። ሥራዋ ገላ ማጠብና አንሶላ መቀየር ስለሆነ ሠራተኛው ለሹፈት «ዶክተር» ይላታል። ያለ ክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ያለ ሲስተር፣ የድጋፍ ደብዳቤ የትምህርት ቤቱ በር አይከፈትላትም፤ ሲስተር ደግሞ ፈገግታን እንደ ማደንዘዣ ቆጥባ የምትጠቀም ሴት ናት።

«ደብዳቤ? አሁንማ የሚጻፍልሽ ክስ ነው፣ ዶክተር!» አለቻት።

የመጣው የፖሊስ መርማሪ መርፌ ሲያይ የሚገረጣ ሰው ስለነበር ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ጥያቄውን ጀመረ። ከዳኛው ጎን የተኙት ሽማግሌ ዓይናቸው በፋሻ ታሽጓል።

«ምን ሰሙ አባባ?»

«ሴት ናት። በሹክሹክታ ‹ዶክተር ነኝ፣ ይጠጡ› አለች። ቅጭል ቅጭል የሚል ነገርም ነበር። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ዝም።»

«ይኸው፣ ዶክተራችን!» አለች ሲስተር።

የዳኛው የእህት ልጅ በመሐረብ ዓይኗን እየጠረገች ተነሳች። «ይቺ ዶክተር ፈቃዷ ይነጠቅልኝ! ሁለተኛ በሽተኛ እንዳትነካ!»

መርማሪው ያን ጊዜ ከግድግዳው ዞረ። «ትናንት ለዘመዳቸው ምን ነገርሻት?» አላት ሠልጣኟን።

«የምሥራች ብዬ... አባባ መናገር ጀመሩ አልኳት። ‹ገ… ገ…› ይሉ ነበር። ገላዬን ማለታቸው መስሎኝ ደጋግሜ አጠብኳቸው። ባጠብኳቸው ቁጥር ያለቅሳሉ።»

መርማሪው ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበ። «እጃችሁን ዘርጉ።»

የሲስተርና የሠልጣኟ ክንድ ባዶ ነው። የእህት ልጅ እጇን ስትዘረጋ ግን አምባሮቿ ቅጭል ቅጭል አሉ።

«እዚህ ለሚሠራ ሰው ከክርኑ በታች ጌጥ ማድረግ ክልክል ነው» አለ መርማሪው።

«አምባር ያደረገ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። አንቺን የከዳሽ ምላስሽ ነው። የሌላትን ፈቃድ ማን ይነጥቃታል? ልጅቱ ሐኪም አይደለችም፤ ሹፈቱን እውነት ብለሽ የዋጥሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ጥፋቱ እሷ ላይ እንዲላከክ ‹ዶክተር ነኝ› አልሽ። እሷ ብትሆን በገዛ ስድቧ ራሷን ትጠራለች?»

«አይታሰብም!» አሉ ሽማግሌው። «እኛ እንኳ ‹የገላዋ ልጅ› ነው የምንላት።»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?»

«ምላሳቸው ሳይፈታ ለመቅደም። ሰውየው ከደረጃ አልወደቁም። ‹ገ…› ገላ አይደለም። ‹ገፋችኝ› ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ አገልግዬው ከቤቴ ውጪ ይለኛል?» ብላ ጮኸች የእህት ልጅ። «ያኔውኑ እዚያው ደረጃ ሥር ባለቀለት!»

ፖሊሶች እያዳፉ ወሰዷት። ሠልጣኟ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ቀረች።

«እየነገሩኝ ነበር» አለች። «እኔ ሳሙና አመጣሁ።»

«ባልዲውን አንሺ» አለች ሲስተር። ሁሉም ከንግግሯ ኋላ የሚከተለውን «ዶክተር» የሚል ቃል ጠበቀ፤ አልመጣም። ሲስተር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሙሉ ስምሽ ማነው? ለደብዳቤው ነው።»