የፋና አስር ሳጥን ቲማቲም

ፋና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው አዳማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከእናቷ ጋር በአንዲት ክፍል ቤት ነው። አንገቷ ቀጥ ያለ፣ አፏ የማይደክም ልጅ ናት። ስትጣላ የመጨረሻዋን ቃል ለማንም አትለቅም፤ ጎረቤት ሆኖ ይህን ያልሰማ የለም።

አንድ እሑድ መምህርት ጉዲቱ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቿን ሰብስባ፣ "በሚቀጥለው እሑድ የቤተ ክርስቲያናችንን አረጋውያን ምሳ እናበላለን። ማን ምን ያመጣል?" አለች።

ቶኩማ ድንች አለ፤ ተጨበጨበለት። ሀኒ ዘይት አለች፤ ተጨበጨበላት። ፋና ቤታቸው ያለውን በሐሳቧ ፈተሸች። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ነው። ለግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ማን ያጨበጭባል?

ብድግ አለች። "አስር ሳጥን ቲማቲም። አጎቴ መቂ ላይ ሰፊ እርሻ አለው። በራሱ አይሱዙ ጭኖ ያመጣዋል።"

በር ላይ የቆሙት እናቶች እልል አሉ። መምህርቷም ቲማቲምን ከሚገዛው ነገር ዝርዝር ላይ ሰረዘችው። እልልታ እንዴት እንደሚጣፍጥ ታውቃላችሁ አይደል ልጆች?

ሲወጡ ቶኩማ፣ "ጉራሽን ነው" አላት።

"አይደለም።"

"እስቲ የመኪናውን ታርጋ ንገሪኝ።"

"ለአንተ ብዬ ታርጋ አልሸመድድም።"

እውነቱን ልንገራችሁ። አጎቷ ገላና እርሻ የለውም። መቂ ላይ የሰው ቲማቲም መኪና ላይ የሚጭን ሠራተኛ ነው። ፋናም ይህን ታውቃለች። በእናቷ ስልክ ደውላ፣ "ጋሼ፣ ለእሑድ ቲማቲም አምጣልኝ" አለችው። ስንት ሳጥን ብላ እንዳወራች ግን አልነገረችውም። ስድስት ቀን ሙሉ እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበራት። ምላሷ እንቢ አለ።

እሑድ ደረሰ። ድንቹ ተልጧል፣ ድስቱ ተጥዷል፣ ሰው ሁሉ በሩን ያያል። ገላና ከሚኒባስ ወርዶ በእግሩ መጣ። ሹራቡ ትከሻው ላይ ተጥፏል። የያዘው አንድ ፌስታል ቲማቲም ነው። ሲጫን የወዳደቀውን ለቃቅሞ፣ አጥቦ ነው ያመጣው።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለ ቶኩማ።

ፋና አንገቷን ቀጥ አደረገች። "የአጎቴ ሠራተኛ ነው። መኪናው ከኋላ እየመጣ ነው።"

ገላና ሰማ። አላጋለጣትም። ፌስታሉን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ "አዎ፣ ሠራተኛ ነኝ" ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

አንዱ ልጅ የተጣፈውን ሹራብ አይቶ ሳቀ። ፋና የአጎቷን ጀርባ አየች። ያ የማይታጠፍ አንገት አሁን ለሌላ ነገር ተነሳ።

"አትሳቁበት" አለች። "አጎቴ እሱ ራሱ ነው። እርሻ የለውም። አይሱዙም የለውም። ሳጥን ነው የሚጭነው። ጉራ የነዛሁት እኔ ነኝ፤ የሚስቅ በእኔ ይሳቅ።"

ሮጣ እጁን ያዘችው። "ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብያለሁ" አለ ገላና፣ "ሁለተኛ ግን እንዳትክጂኝ።"

ፋና እንባዋን ጠርጋ ወደ ቶኩማ ዞረች። "ደሞ ልንገርህ፤ አጎቴ ሁለት ሳጥን ባንዴ ያነሳል።"

"ቲቸር፣ ይኸው ጉራዋን ጀመረች" አለ ቶኩማ።

መምህርት ጉዲቱ ራሷን ነቀነቀች። "ይሄ ጉራ አይደለም ቶኩማ፤ እውነት ነው። ጉራ የሌለንን አለን፣ ያልሆነውን ሆነናል እያልን ሰው ፊት ስንኮፈስ ነው። እግዚአብሔር በሰጠን ሰው ደስ ብሎን መናገር ሌላ ነው።"

ወጡ የዚያን ቀን ነጣ አለ፤ ቲማቲሙ አልበቃም። ፋና ሳህኑን ለአረጋውያኑ አንድ በአንድ እያደለች፣ ለእያንዳንዳቸው፣ "ቲማቲሙ ያነሰው በእኔ ጉራ ነው" አለች፤ ማንም ሳያዛት። እማማ ሸዋወርቅ ቀምሰው፣ "ጨውስ ደህና ነው፤ ተቀመጪና አብረሽኝ ብዪ" አሏት።

ልጆች፣ እልል እንዲባልላችሁ ብላችሁ የሌላችሁን አለን አትበሉ፤ ያላችሁንም ሰው የለንም አትበሉ።