የሰሜኗ ሰንሰለት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ሳህን የማጥብ ሰው ነኝ፣ እናቴ እንኳ "ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር አለ" ስትል "አይጥ ነው እማዬ" ብዬ ወጥመድ ገዝቼ የመጣሁ ልጅ ነበርኩ፣ ደግሞም አይጥ ነበር። ስለዚህ አሁን የማወጋችሁን ስትሰሙ "ይቺ ሴትዮ ድሮም ቅዠታም ናት" እንዳትሉኝ፣ አይደለሁም፣ ኢንጂነር ነኝ፣ የማልለካውን ነገር አላምንም። ያን ቅዳሜ የሆነውን በምን እንደምለካው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ፣ ካልሆነ ነገሩ አይገባችሁም። ካልጋሪ ከባሕር በጣም የራቀ ከተማ ነው፣ እኛ ግን ቤልትላይን የሚባል ሰፈር ውስጥ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለን ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የንፋስ ተርባይን እንሠራለን። ውሃው በጣም ጥልቅ ሲሆን ምሰሶ ከታች መትከል አይቻልም፣ ስለዚህ ተርባይኑ እንደ ጀልባ በሚንሳፈፍ ትልቅ ብረት ላይ ይቆምና በሰንሰለትና በመልህቅ ከባሕሩ ወለል ጋር ይታሰራል። ሰንሰለቱ የኔ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ነዳጅ ኩባንያ ነበርኩ፣ ሌይኦፍ አድርገው ከሥራ ሲቀንሱኝና ይሄን ሥራ ስይዝ "የባሕር ንፋስ? ካልጋሪ ሆነሽ?" ብለው የሳቁብኝን ሰዎች ዛሬም በስም አስታውሳቸዋለሁ፣ ይሳቁ።

ያን ዊንተር አትላንቲክ ላይ የነበረችን አንዲት የሙከራ ተርባይን ብቻ ናት፣ በአራት አቅጣጫ በአራት ሰንሰለት የታሰረች። አንዷን ሃምሳ አድርገን ከሙከራ ወደ እውነተኛ ንግድ ልንሸጋገር ነው፣ አለቃዬ ክሬግ ደግሞ ለእያንዳንዷ ሦስት ሰንሰለት ይበቃል ብሎ ድርቅ አለ። "አንድ ዓመት ሙሉ አራቱም ምንም ችግር አላሳዩም፣ አራተኛው ትርፍ ነው፣ ሰኞ ሪፖርቱን ሳይን አድርጊልኝ" አለኝ። የኔ ፊርማ ከሌለበት ኢንቨስተሮቹ አይቀበሉትም። እውነቱን ልናገር፣ ልፈርም ነበር፣ እያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ ያለው የውጥረት መለኪያ የሚልካቸው ቁጥሮች ሁሉ አረንጓዴ፣ ማለትም ደህና፣ ነበሩና።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ከቤቴ ከኮራል ስፕሪንግስ ተነስቼ ሪፖርቱን ልጨርስ ቢሮ ሄድኩ። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ንፋስ ከተራሮቹ ወርዶ በረዶውን እያቀለጠ፣ የሕንጻውን መስኮት እየነቀነቀ ነበር። ታች ጥበቃው ላይ ጋሼ ሀብቶም ነበሩ፣ የምፅዋ ሰው ናቸው፣ በወጣትነታቸው መርከብ ላይ ሠርተዋል፣ አማርኛቸው ትምህርት ቤት የተማሩት ስለሆነ ከኔ ይበልጥ የጠራ ነው።

"ቅዳሜም?" አሉኝ።

"ሰኞ ከመድረሱ ልገላገለው ብዬ ነው ጋሼ።"

ላይ ስወጣ ማንም የለም። ጠረጴዛዬ ላይ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተርባይኗ ሆድ ውስጥ ካለው ስልክ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ስልክ አለ፣ ጥገና የሚሄዱ ሠራተኞች እንዲደውሉበት የተደረገ ነው። በማዕበሉ ምክንያት ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ማንም እዚያ አልረገጠም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ።

ስልኩ ጠራ።

አነሳሁት፣ "ሄሎ" አልኩ፣ መልስ የለም። ውሃ ብረት ሲመታ ይሰማኛል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ ሄድ መለስ እያለ። መስመሩ ተበላሽቷል ብዬ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠራ፣ አሁን ውሃውም የለም፣ የሆነ ነገር ግን ብረት ያንኳኳል፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንዴ ኳ። ክሬግ ነው የሚቀልደው ብዬ ኮል አደረግኩለት፣ ልጁን ሆኪ ጨዋታ ይዞ ሄዶ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፣ "ምን ስልክ?" አለኝ። እውነቱን ነበር።

ሦስተኛው ላይ እመኑኝ፣ ከመጥራቱ በፊት እጄ ስልኩ ላይ ነበር፣ ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አነሳሁት። ድምፅ አለ፣ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም፣ አፉ ውስጥ ውሃ እንዳለ ሰው ነው የሚናገረው፣ ደግሞ በአማርኛ።

"የሰሜኗን እያት" አለኝ።

እኔ ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? ተቆጣሁ። "ማን ነህ አንተ? የኩባንያ መስመር ላይ ምን ትሠራለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ተዘጋ። ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ፣ እኔን ሥራዬ ላይ ማንም አያስፈራራኝም፣ ሰውም ይሁን ሌላ።

ተቀመጥኩና የሰሜኗን ሰንሰለት ቁጥር ከፈትኩ። አረንጓዴ። ከማዕበሉ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ልክ እንደሚገባው። ልዘጋው ስል አንድ ነገር ከነከነኝ፣ በጣም ልክ ነበር። የሌሎቹ ሦስት ሰንሰለቶች መስመር እንደ ዶሮ ጭረት ነው፣ የሷ ግን በማስመሪያ እንደተሠራ። ወደ ጥሬው መረጃ ገባሁ፣ ባዶ! የሰሜኗ መለኪያ ከሞተ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፣ ሶፍትዌሩ ክፍተቱን ከአየር ትንበያው ተነስቶ በግምት እየሞላ አረንጓዴ ያሳየን ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያየነው ግምት ነው።

ወረድኩና ጋሼ ሀብቶምን ጠራኋቸው፣ ምን እንደምላቸው እንኳ አላሰብኩም፣ "ጋሼ፣ አንድ ስልክ ይስሙልኝ" ብቻ አልኩ። አብረውኝ ወጡ። አጠገቤ ወንበር ስበው እንደተቀመጡ ጠራ።

"ያንሱት" አልኳቸው።

አነሱት። ሰሙ፣ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አይነበብም። ከዚያ በጣም በቀስታ "ደህና ናት" አሉና ዘጉት።

"ማን ናት ደህና?"

"አንቺ" አሉኝ። "ስላንቺ ነው የጠየቀኝ።"

"ማን ነው የጠየቀዎት?"

ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ልጄ፣ ባሕር ላይ የኖረ ሰው ያንን አይጠይቅም። የሚፈረም ነገር ካለ አትፈርሚ።" ይሄንን ብለው ሊፍቱን ሳይጠብቁ በደረጃው ወረዱ።

ሰኞ ስብሰባ ገባሁ። የስልኩን ነገር አላነሳሁም፣ አላበድኩም፣ መለኪያው መሞቱን ብቻ ስክሪኑ ላይ አሳየሁና "የሰሜኗ ሰንሰለት በካሜራ ሳትታይ አልፈርምም" አልኩ።

ክሬግ ቀላ። "ኢንቨስተሮቹ ሐሙስ ይመጣሉ! በዚህ ማዕበል ሮቦት ልኬ በአንድ መለኪያ ብልሽት ሃምሳ ተርባይን ላዘገይ ነው?"

"ታዘገያለህ።"

"ሌላ ኢንጂነር ይፈርምልኛል።"

"ይፈርምልህ፣ እኔ ያልፈረምኩበትን ምክንያት ግን ጽፌ ለኢንቨስተሮቹም ለቦርዱም እልካለሁ፣ ዛሬ፣ ከምሳ በፊት።" የቤት ክፍያ አለብኝ፣ ሁለተኛ ሌይኦፍ እንደማልችል አውቃለሁ። ቢሆንም አላጎነበስኩም፣ እሱም ዓይኑን ከኔ ላይ አነሳ።

ለማንኛውም ብዬ ያን ዕለት የስልኩን ጉዳይ የአይቲውን ልጅ ጠየቅኩት፣ ኮምፒውተሩን አየና "ይሄ መስመር እኮ ከመከር ጀምሮ ተቆርጧል፣ የስልኩን ገመድ ብቻ ማዕበል በጥሶት፣ ኢሜይል ልኬላችሁ ነበር" አለኝ። የቅዳሜ ጥሪ አንድም አልተመዘገበም። ጋሼ ሀብቶም ሳምንቱ ሳያልቅ ሥራ ለቀቁ፣ ራንድል ሰፈር ልጃቸው ቤት ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ ምሳ ጋበዙኝ፣ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ባሕሩ ጋብ ሲል ካሜራ የያዘው ሮቦት ወረደ። የሰሜኗ ሰንሰለት ከተርባይኗ ጋር የምትገናኝበት ቀለበት ተበልቶ ተበልቶ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ቀርቶታል። ለመበጠስ አንድ ማዕበል ብቻ ነበር የቀራት። በሦስት ሰንሰለት ብቻ የታሰረች ብትሆንና አንዷ ብትበጠስ ተርባይኗ ተነቅላ ትሄዳለች፣ ሃምሳ ቢሆኑ አንዷ በሌላዋ ላይ። ክሬግ ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ዲዛይኑ በአራት ሆነ፣ ቀለበቱ ተለወጠ፣ እኔም ያኔ ፈረምኩ። ሃምሳዎቹ አሁን ወደብ ላይ እየተገጣጠሙ ናቸው፣ "ካልጋሪ ሆነሽ?" ላሉኝ ሁሉ ፎቶውን ልኬላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ።

ባለፈው በጋ አዲሱን ቀለበት በዓይኔ ልይ ብዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተርባይኗ ሄድኩ። የጀልባው ካፒቴን ሽበታም፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው፣ ገና ሲያየኝ እጄን ጨብጦ "ዛሬ እንኳ ፀሐይ አገኘሽ!" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ዊንተር ላይ ዓሣ አጥማጆቹን አጅቤ በዚህ ሳልፍ እላይዋ ላይ ቆመሽ ነበራ፣ ቢጫ ጃኬት ለብሰሽ፣ በዚያ ማዕበል። እጅሽን አውለበለብሽልን፣ እኛም አውለበለብንልሽ። ኩባንያው ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እያልን ሄድን።"

"እኔ አይደለሁም" አልኩት። "እዚህ መጥቼ አላውቅም።"

ሳቀ፣ ከዚያ ፊቴን አይቶ ሳቁን ተወው። "መመለስ ትችያለሽ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማንም አይፈርድብሽም።"

ቀና ብዬ አየኋት፣ ክንፎቿ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ከላይ ማንም የለም። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን እስቲ አስቡት፣ ያሰርኳት እኔ ነኝ፣ በስንት ጭቅጭቅ ያቆየኋት እኔ ነኝ፣ ከገዛ ሥራዬ ደጃፍ ማን ነው የሚመልሰኝ? "መሰላሉን አስጠጋልኝ" አልኩት።

ወጣሁ። በጋም ቢሆን ብረቱ በጓንት ውስጥ እንኳ ጣት ያደርቃል፣ ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ በረዶ ነው። በሩ ጋ ደረስኩና መቀርቀሪያውን ለመፍታት ጓንቴን አውልቄ እጀታውን ያዝኩት።

ሞቃት ነበር፣ ሰው ይዞት ቆይቶ አሁን የለቀቀው ያህል ሞቃት።

ከፈትኩትና ገባሁ።