አምስተኛው ጭረት

ሉብና ድቤውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ጓደኛዋ ሃና፣ ለጎብኚዎቹ ወንበር እየደረደረች።

«ይሄ የአባባ ድቤ አይደለም።»

የትምህርት ቤታቸው የቱሪዝም ክበብ አንድ አሮጌ ክፍል አጽድቶ፣ ከየቤቱ የተዋሳቸውን ቅርሶች ደርድሮበታል። ወደ ላሊበላ የሚያልፉ እንግዶች ወልድያም የምታሳየው እንዳላት ይወቁ ተብሎ ነው። የዛሬዎቹ እንግዶች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ድቤውን ያመጣችው ሉብና ናት፤ ነፍሳቸውን ይማረውና አያቷ ዕድሜ ልካቸውን መንዙማ ሲሉ የመቱት ነው። እናቷ ስትሰጣት «አደራ፣ እንደወሰድሽው መልሺው» ብላታለች።

ቆዳው ላይ፣ በእሳት ሲያሞቁት ፍም የነካት ጥቁር ጠባሳ ነበረች። አሁን የለችም። ቆዳው ነጭ ነው፤ ገና የበግ ሽታው አልለቀቀውም።

የክፍሉ ቁልፍ ሳምንቱን ሙሉ የነበረው የክበቡ አስጎብኚ ሄኖክ ጋ ነው።

«የአጎቱ ልጅ ከገጠር አሮጌ ዕቃ እየገዛ ለቱሪስት ይሸጥ የለ?» አለች ሉብና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ረቡዕ ማዳበሪያ ሙሉ ነገር ታቅፎ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ። ስጠራው እንዳልሰማ ሆነ። በማግስቱ ስጠይቀው ‹አያቴን ልጠይቅ ሄጄ ነው› አለኝ። አያቱ ያሉት ደሴ ነው፤ ባጃጅ እዚያ አይሄድም!»

«ሄኖክ? ኧረ ተይ! እስክሪብቶ እንኳ ተውሶ የሚመልስ እሱ ብቻ ነው።»

ሉብና ግን አላስቻላትም። በቀጥታ ወደ ቲቸር ዘነበች ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት። ቲቸር ሄኖክን ጠርታ ቁልፉን ተቀበለችው፤ «እንግዶቹን ዛሬ በአንተ ቦታ ዮሴፍ ያስጎብኝ» አለች። ሄኖክ ለጉብኝቱ አንድ ወር ሙሉ ሲያጠና ከርሟል። መሬት መሬቱን እያየ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ዝምታው የሉብናን ጥርጣሬ አጸናው።

እንግዶቹ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆሙ። ከግራና ከተማ የመጡት ሼህ ኡበይደላ ናቸው፤ የአያቷ ወዳጅ፣ ድቤ ጠፋሪ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ያ ልጅ የታለ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። የቱ ልጅ፣ አባ?»

«ድቤውን ያመጣልኝ ነዋ! ጠፍሩ በሦስተኛው ቀን ይላላል፣ ላጠብቀው መጣሁ።» ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነኝ አለኝ። እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ መስሎት በሙሉ ክንዱ ቢወርድበት ቆዳው ተተረተረ። አመድ መስሎ ነው የመጣው። ‹ለሉብና ራሴ እነግራታለሁ› ብሎኝ ነበር። አልነገረሽም?»

ሉብና ወደ ድቤው ዞረች። «የአባባ ድቤ ለመሆኑ... እርግጠኛ ነዎት?»

ሼህ ኡበይደላ ድቤውን ገልብጠው የእንጨቱን ጠርዝ አሳዩዋት። ልጅ ሳለች ጣቷን የምታስገባባቸው አራት ጭረቶች እዚያው አሉ። አጠገባቸው ገና ያልጠቆረ አምስተኛ ተጨምሯል።

«አያትሽ ቆዳ በቀየሩ ቁጥር አንድ ይጭሩ ነበር። ድቤ እኮ ይመታል፣ ይቀደዳል፣ ይለበዳል። ይቺን የጫርኩት እኔ ነኝ።»

ድቤው ሥር የቆመው ካርድ በራሷ እጅ ጽሑፍ «ቆዳውም እንጨቱም የጥንቱ» ይላል። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ሉብና፣ ደርሰዋል!» አለች ቲቸር ዘነበች።

ሉብና ካርዱን አንስታ ወደ እሷ ሮጠች። «ቲቸር፣ ተሳስቼ ነው። ሄኖክ አልሰረቀም። ቁልፉን ስጪኝ።»

ሄኖክ ከክፍሉ ጀርባ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላያትም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ታኮርፊኛለሽ ብዬ ፈራሁ።» አሁን ቀና አለና፣ «አንቺስ ቲቸር ጋ ከመሄድሽ በፊት ለምን አልጠየቅሽኝም?» አላት።

ሉብና ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ ከዚያ ካርዱን ገልብጣ ባዶውን ገጽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ቁጭ አለች።

«እስክሪብቶ አውሰኝ» አለችው።